ረጅሙ የጎልፍ ዱላ ይከልከል? ከሱሉልታ ሜዳ ሲታይ

ኅዳር ሲገባ የሱሉልታ ሜዳ ይታጨዳል። ክረምቱን ውኃ አቁሮ የከረመው መሬት ይጠነክራል፤ ድርቆሹ በጭነት መኪና ተከምሮ እንጦጦን አቋርጦ ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል፤ የተረፈውን ሣር ከብቱ ሲግጠው ሜዳው እንደ ምንጣፍ ይተኛል። ማለዳ ውርጩ ሳይነሣ ሯጮች ያልፉበታል። ከሰዓት በኋላ ልጆች ቆልማማ ዱላቸውን ይዘው ለገና ጨዋታ ሩር ያንከባልሉበታል። አምና በዚሁ ሜዳ ጥግ አንድ ጎረቤቴ የሆኑ አዛውንት የጎልፍ ኳስ ሲመቱ አገኘኋቸው። ቀዳዳው መሬት ውስጥ የቀበሩት የዱቄት ወተት ጣሳ ነበር።

እኚህ ሰው በወጣትነታቸው አሮጌው ኤርፖርት አካባቢ ባለው የጎልፍ ሜዳ የተጫዋቾችን ከረጢት ሲሸከሙ የኖሩ ካዲ ናቸው። ኋላም ራሳቸው ተጫውተዋል። አሁን እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ባረጀ የጎልፍ ዱላ ላይ የዶማ እጀታ ቀጥለውበታል። የእጀታውን ጫፍ በግራ እጃቸው ይዘው ደረታቸው ላይ ይተክሉና በቀኝ እጃቸው ዱላውን እንደ ግድግዳ ሰዓት ፔንዱለም ያወዛውዙታል። ያን ዕለት ከአምስት ኳስ አራቱን አስገቡ። አጠገባችን የቆመ አንድ ሯጭ ልጅ፣ የስፖርት ወሬ የማያመልጠው፣ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ተከልክሏል» አላቸው።

«ማን ከለከለው?»

«የጎልፍ ሕግ። ደረት ላይ ማስደገፍ አይቻልም።»

ትንሽ ዝም አሉና «እጄ ሲንቀጠቀጥ ግን የከለከለልኝ የለም» አሉት።

ልጁም እሳቸውም ልክ ናቸው። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩን ስከታተለው ጎልፍ በዚህ ጉዳይ ላይ ግማሽ መንገድ ሄዶ እንደቆመ እየታየኝ መጥቷል። ክልከላው አለ፤ ግን የተሰመረው ዓይን ሊያየው በማይችል ቦታ ላይ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ላስረዳ። በጎልፍ ኳሱን ከሩቅ በረጃጅም ዱላ ይመቱታል፤ ቀዳዳው ያለበት፣ ሣሩ እጅግ አጥሮ የተከረከመበት ቦታ ሲደርስ ግን ፑተር በሚባል ዱላ መሬት ለመሬት ቀስ አድርገው ይገፉታል። ቀዳዳው 10.8 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። ባለ 18 ቀዳዳ ሜዳ አብዛኛውን ጊዜ በ72 ምት እንዲያልቅ ታስቦ ሲሠራ ለእያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለት የፑተር ምት ይታሰባል፤ 36 ምት፣ የጨዋታው ግማሽ ማለት ነው። ሦስት መቶ ሜትር የሚመታ ጉልበተኛ አንድ ሜትር ላይ ሊወድቅ ይችላል። እዚያ ላይ ጉልበት አይሠራም። የሚሠራው የእጅ ርጋታና የልብ ርጋታ ነው።

የእጅ ነገር ደግሞ አንዳንዴ ይበላሻል። ጎልፈኞች ዪፕስ የሚሉት ችግር አለ፤ ሰውየው አጭር ምት ሊመታ ሲል እጁ ወይም አንጓው ሳያዝዘው ይፈናጠራል። ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ በአንዳንዶቹ ላይ ነርቭና ጡንቻ የማይታዘዙበት ሕመም ሆኖ ተገኝቷል። ታላላቆቹንም አልማረም። የጀርመኑ በርንሃርድ ላንገር ደጋግሞ ይዞታል። በአሜሪካ ጉብኝት፣ ማለትም ከቦታ ቦታ እየዞረ በሚካሄደው የባለሙያዎች ተከታታይ ውድድር፣ 82 ውድድሮችን ያሸነፈው ሳም ስኒድ በዕድሜው ማምሻ ላይ መላው ሲጠፋው ኳሱን በሁለት እግሮቹ መካከል አድርጎ፣ ፊቱን ወደ ቀዳዳው አዙሮ መግፋት ጀመረ። ሕግ አውጪዎቹ ይህ የጎልፍ አመታት አይደለም ብለው እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ (ከዚህ በታች ያሉት ወራትና ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በኳሱ መስመር ላይ አንፈራጥጦ መቆምን ከለከሉ። ስኒድ እግሮቹን ገጥሞ ወደ ጎን ቆመና በዚያው ቀጠለ። ስለዚህ የአገፋፍን መንገድ መከልከል ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም።

ዱላን ሰውነት ላይ ማስደገፍ እንዴት ይጠቅማል? በርን አስቡት። በር በማጠፊያው ላይ ስለተያዘ ሲከፈትም ሲዘጋም መንገዱን አይስትም። ተራው ፑተር ከ84 እስከ 89 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በሁለት እጅ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ስለሚያዝ አንጓ ሲላወስ፣ ክርን ሲታጠፍ፣ ትከሻ ሲዘነበል ፊቱ ይዛባል። ረዘም ያለው፣ ሆድ ላይ የሚደገፈው ፑተር ግን ጫፉ እምብርት አካባቢ ይተከላል። እጅግ የረዘመው ደግሞ፣ የመጥረጊያ እንጨት የሚመስለው፣ ደረት ወይም አገጭ ሥር ይደርሳል። ሁለቱም ለዱላው ማጠፊያ ይሰጡታል። የሚንቀጠቀጠው እጅ ብቻውን መሆኑ ይቀራል።

ረጃጅሞቹ ዱላዎች ለአሥርት ዓመታት ሲኖሩ ብዙ ሰው አልተቆጣም፤ የሕመምተኛና የሽማግሌ መሣሪያ ተደርገው ይታዩ ነበር። በፓራሹት ዝላይ ጉልበቱ የተጎዳው ጥቁር አሜሪካዊ ቻርሊ ኦወንስ ረጅሙን ፑተር ይዞ ለአረጋውያን በተዘጋጀው ጉብኝት በ1980ዎቹ አሸንፏል። ነገሩ የተቀየረው ወጣቶቹ ሲይዙት ነው። በ2011 ኪገን ብራድሊ የፒጂኤ ሻምፒዮናን ሲወስድ ሆድ ላይ በተደገፈ ፑተር ታላቅ ውድድር ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በ2012 ዌብ ሲምፕሰን የአሜሪካን ኦፕን፣ ኧርኒ ኤልስ የእንግሊዙን ኦፕን በዚሁ ዓይነት ዱላ ደገሙት። ኤልስ ቀደም ሲል ራሱ ይህን አያያዝ ሲነቅፍ የኖረ ሰው ነበር። ሕግ አውጪዎቹ ባወጡት አኃዝ በአሜሪካ ጉብኝት የሚያስደግፉት ተጫዋቾች በ2011 ወደ 11 በመቶ፣ በ2012 ወደ 15 በመቶ ደርሰው ነበር። በ2013 ማስተርስ በተባለው ታላቅ ውድድር አዳም ስኮት በረጅሙ ዱላ ሲያሸንፍ፣ ገና 14 ዓመቱ የነበረው ቻይናዊው ጓን ቲያንላንግ ሆዱ ላይ አስደግፎ እየገፋ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ማጣሪያ አልፏል። አሥራ አራት ዓመት! ይህ ልጅ ከሕመም ሸሽቶ አልነበረም ረጅሙን ዱላ የያዘው።

የዓለም ጎልፍን ሕግ የሚያወጡት ሁለት አካላት ናቸው፤ የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበርና በስኮትላንድ ሴንት አንድሩስ የሚገኘው አር ኤንድ ኤ። በኅዳር 2012 ሐሳቡን አቀረቡ፣ በግንቦት 2013 አጸደቁት፣ ከጥር 1 ቀን 2016 ጀምሮ ሥራ ላይ አዋሉት። ሦስት ዓመት ገደማ ማሰናጃ ሰጡ ማለት ነው። ተቃውሞው ቀላል አልነበረም። የአሜሪካ ጉብኝት አመራር በይፋ ተቃወመ፣ ኋላ ግን ተቀበለው። ክንዱንና አንጓውን እንደ ሌላው ሰው ማዞር በማይችልበት ሁኔታ የተወለደው ደቡብ አፍሪካዊው ቲም ክላርክ ለባልደረቦቹ ቆሞ ስለ ራሱ ሲናገር ብዙዎቹን እንዳሳሰባቸው ተዘግቧል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። ሕግ አውጪዎቹ «ማስደገፍ ውጤት ያሻሽላል፣ ማስረጃው ይኸው» አላሉም። ያሉት ሌላ ነው። ዱላን በእጅ ይዞ በነፃነት ማወዛወዝ የጎልፍ ምት ባሕርይ ነው፣ ማስደገፍ ደግሞ ያንን ፈተና ይቀንሳል ነው ያሉት። ተቃዋሚዎች በዚህ ተናደው «ጥቅሙ በቁጥር ካልተረጋገጠ ለምን ትከለክላላችሁ?» ብለው ጠየቁ። እኔ በዚህ ነጥብ ላይ ከሕግ አውጪዎቹ ጋር ነኝ። ጨዋታ ማለት ራሳችን ላይ በፈቃዳችን የጫንነው ችግር ነው። እግር ኳስን በእጅ መጫወት ይቀላል፤ በእጅ አይነካም ያልነው ግን ስታቲስቲክስ ቆጥረን አይደለም። በገና ጨዋታም ሩሯን በዱላ እንጂ አንስቶ በመወርወር አናስገባም። አንድ ሜትር ላይ ቆሞ ልብ እየመታ፣ እጅን አየር ላይ ማዘዝ የጎልፍ ግማሽ ሕይወቱ ከሆነ ያንን መጠበቅ የሕግ አውጪው ሥራ ነው።

ያልተስማማሁት የክልከላው አሠራር ላይ ነው። ዱላው ራሱ አልተከለከለም። ርዝመቱም አልተገደበም። የተከለከለው ዱላውን ወይም የያዘውን እጅ ሰውነት ላይ ማስደገፍ፣ ወይም ክንድን ሰውነት ላይ አጣብቆ እጁን ማጠፊያ ማድረግ ነው። ሳይታሰብ ልብስ ወይም ሰውነት ቢነካ ጥፋት አይደለም። ስለዚህ ያው የመጥረጊያ እንጨት የሚያህለው ፑተር ዛሬም ሜዳ ላይ አለ፤ እጁ ከደረት ጥቂት ራቅ ብሎ እንዲያዝ ብቻ ተደርጓል። ላንገር በዚህ አያያዝ ቀጥሎ በ2023 የአረጋውያኑን ጉብኝት የ45 ድል ክብረ ወሰን አልፏል። ስኮትም ቀጥሏል። ለዓመታት በዪፕስ ሲሠቃይ የኖረው ሉካስ ግለቨር በ2023 ነሐሴ ረጅሙን ዱላ ይዞ በተከታታይ ሁለት ሳምንት ሁለት ውድድር ወሰደ፤ በበኩሌ ደስ ብሎኛል።

ግን እጁ ደረቱን ነክቷል ወይስ አልነካም? በ2017 ላንገር ላይ ይኸው ጥርጣሬ ተነሥቶ የቴሌቪዥን ምስል እየቆመና እየተጎተተ ሲታይ ከረመ። ሕግ አውጪዎቹ ጥፋት የሚሆነው አስቦ ሲያስደግፍ ነው ብለው አብራሩ፤ በተጫዋቹ ላይም ጥፋት አልተገኘም። እኔ በሰውየው ላይ ክፉ አላስብም። የቆረቆረኝ ሌላ ነው፤ ዕድሜ ልኩን በታማኝነት የተጫወተ ሰው ከደረቱ ላይ ባለ አንድ ጣት ክፍተት ስሙ ተጠረጠረ።

ይህን በዓይኔ ልየው ብዬ ጎረቤቴን «ጋሼ፣ እስቲ እጅዎን ከደረትዎ ሁለት ጣት ያህል አርቀው ይግፉት» አልኳቸው። ብርድ ስለነበረ ጋቢ ለብሰዋል። እኔና ሯጩ ልጅ በሁለት እርምጃ ርቀት ግራና ቀኝ ቆምን። ኳሷ ጣሳው ውስጥ ገባች። ልጁ «ነካ» አለ። እኔ አልነካም ባይ ነኝ። እሳቸው አውራ ጣታቸውን እያዩ «ጋቢው ነክቶ ይሆናል፣ እኔ ግን አላስደገፍኩም» አሉ። አምስት ጊዜ ደገምነው፤ ሦስታችን አንድ ላይ የተስማማነው ሁለቴ ብቻ ነው። በሁለት እርምጃ ርቀት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ምንም ገንዘብ በሌለበት። እሳቸውን አምናቸዋለሁ፤ ጎልፍም ሲጀመር በዚህ እምነት ላይ የቆመ፣ ተጫዋቹ በራሱ ላይ ቅጣት የሚቆጥርበት ጨዋታ ነው። ግን እምነትን በየቀኑ በማይታይ ነገር መፈተን ያደክመዋል።

በዚህ ጉዳይ የሱሉልታ ሰው ከስኮትላንድ ሰው የበለጠ የሚያውቀው ነገር አለ፤ የጫማ ጉዳይ። እዚህ በየማለዳው በፊታችን የሚያልፉት ሯጮች በዚያው ዓይነት ክርክር ውስጥ አልፈዋል። የካርቦን ሳህን (ሶሉ ውስጥ የሚቀበር ስስ ጠንካራ ዝርግ) እና ወፍራም የአረፋ ሶል ያለው ጫማ ሲመጣ «ሩጫው የእግር ነው ወይስ የጫማ?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። የዓለም አትሌቲክስ በ2020 መጀመሪያ የወሰነው ቀላል ነበር፤ ለጎዳና ሩጫ ሶሉ ከ40 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፣ ሳህኑም ከአንድ አይብለጥ። ስለ ሯጩ ሐሳብ አንድም ቃል የለም። በመስከረም 2021 የእኛው ደራራ ሁሪሳ የቪየና ማራቶንን በ2:09:22 ቀድሞ ከገባ በኋላ ጫማው ሲለካ ሶሉ 5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ፣ ድሉም ተሰረዘ። ሦስት ሰከንድ ተከትሎት የገባው ኬንያዊው ሊዮናርድ ላንጋት አሸናፊ ተባለ። ያን ቀን ብዙዎቻችን አዝነናል። 42 ኪሎ ሜትር ሮጦ በአንድ ሴንቲ ሜትር! ሆኖም «አታልሏል» ብሎ ደራራን በምስል እያቆመ የመረመረ አልነበረም። ያስመዘገበውና ያደረገው ጫማ ተለያየ፣ ተለካ፣ አለቀ። ቅጣቱ መራራ ነበር፤ ስሙን ግን አላቆሸሸውም። ሕግ በሜትር ሲለካ ለተቀጪውም ይሻላል የምለው ይህን አይቼ ነው።

ጎልፍ ይህን መንገድ አያውቀውም ማለት አይቻልም። ከ2022 ጀምሮ የውድድር አዘጋጆች የዱላን ርዝመት በ46 ኢንች፣ 117 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ እንዲገድቡ የሚፈቅድ ደንብ ወጥቷል። ደንቡ የተዘጋጀው ለከፍተኛ ተወዳዳሪዎች ነው፤ የቅዳሜና እሑዱን ተጫዋች አይነካም። ነገር ግን ከዚህ ገደብ አንድ ዱላ ነፃ ተደርጓል። እሱም ፑተር ነው! በጣም የሚያከራክረው ዱላ ብቻ ሳይለካ ቀረ።

በጎልፍ ሰዎች ዘንድ ሲነሣ የኖረ አንድ ሐሳብ አለ፤ ፑተር በከረጢቱ ውስጥ ካሉት ዱላዎች ሁሉ አጭሩ ይሁን የሚል። እኔ ይህን እደግፋለሁ። ሜትር እንኳ አያስፈልገውም፤ ፑተሩንና ከቀሩት ዱላዎች አጭሩን ጎን ለጎን ማቆም ይበቃል። ዱላው ካጠረ ደረት ላይ አይደርስም፤ ነካ አልነካም የሚባል ነገር አይኖርም። አሁን ሕጋዊ የሆነውን ሌላውን ዘዴ፣ ረዘም ያለውን ፑተር ክንድ ላይ አስተኝቶ ቆልፎ መግፋትንም ያስቀረዋል። ሕጉ ክንድን ለብቻው ስለፈቀደ ማት ኩቻር፣ ከክልከላው በኋላ ሲምፕሰንና ብራድሊ ወደዚያ ተሻገሩ፤ ብራይሰን ዲሻምቦ በ2020 የአሜሪካን ኦፕን ያሸነፈው በዚሁ ነው። ሆድ ላይ ሲደገፍ የማይሆነው ክንድ ላይ ሲደገፍ የሚሆንበትን ምክንያት ሊያሳምነኝ የቻለ ማብራሪያ እስካሁን አላነበብኩም። ሁለቱም ለአንጓ ዕረፍት ነው የሚሰጡት።

ይህ ሐሳብ የሚያስከፍለው ዋጋ አለ፤ አልሸሸውም። ግለቨር ከአሥር ዓመት ጭንቀት በኋላ ያገኘውን መፍትሔ ይነጠቃል። ስኮት በአርባዎቹ ዕድሜው እንደገና ይማራል። በዚያ ላይ ሕጉ ለሁለተኛ ጊዜ ተቀየረባቸው ማለት ነው፤ በ2013 «ዱላው ይቆይ፣ አያያዛችሁን ለውጡ» ተብለው ታዘው ለውጠዋል። ስለዚህ ቢደረግ እንኳ ካለፈው የማያንስ፣ እንዲያውም የረዘመ ጊዜ ሊሰጣቸው ይገባል፤ አሁን በዚህ ዱላ የሚጫወቱት ጨርሰው እስኪወጡ ለአዲስ ገቢዎች ብቻ ይሁን ቢባልም አልቃወምም።

አካል ጉዳት ያለባቸውን በተመለከተ ደግሞ መንገዱ ከወዲሁ ተከፍቷል። ከ2023 ጀምሮ የጎልፍ ሕግ 25ኛው ክፍል እጅ ወይም እግር ለሌለው፣ ወይም ላልተሟላለት ተጫዋች ችግሩ ሲያስገድደው ዱላውን ማስደገፍን ፈቅዷል። ይህ ፈቃድ በነርቭ ሕመም እጃቸው ለማይታዘዛቸውም በሐኪም ማስረጃ ቢሰፋ ጨዋታው አንዳች አይጎድልበትም።

የቅዳሜና እሑዱ ተጫዋችስ? እዚህ ላይ የገና ጨዋታ ልምዳችን ይበልጣል ባይ ነኝ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እንላለን። እያንዳንዱ ልጅ ዱላውን ከፈለገው ዛፍ ቆርጦ፣ እንደ ቁመቱና እንደ ጉልበቱ አስተካክሎ ይመጣል። የዱላ ርዝመት የሚለካ የለም፤ ሽልማቱ እስከ ማታ የሚዘልቅ ፉከራ ነውና። አሁን ባለው ሕግ ግን ማስደገፍ የተከለከለው ለሁሉም ነው፤ ለሚሊዮን ዶላር ለሚጫወተውም፣ በሰንበት ከጓደኛው ጋር ለሚገፋውም። ክልከላው ሲወጣ በየክለቡ የሚያስተምሩ ባለሙያዎች አጥብቀው የተቃወሙት በዚህ ነበር፤ ዕድሜ የገፋው ተጫዋች ይርቀናል ብለው ፈሩ። ሕግ አውጪዎቹ ጎልፍ ለሁሉም አንድ ሕግ ይኑረው የሚል ጽኑ እምነት አላቸው፤ ውበቱም ይገባኛል። ነገር ግን የ46 ኢንቹ ገደብ ለከፍተኛ ውድድር ብቻ ሲወጣ አንድነቱ አልፈረሰም። ከቪየና አንደኛ የወጣው ሰው ጫማ ሲለካ፣ አምስት ሺህኛ የገባውን ለክቶ ያስቆመ አልነበረም፤ ማራቶን ግን ያው ማራቶን ነው።

ባለፈው ሳምንት የልብስ ሰፊ ሜትር ይዤ ወደ ጎረቤቴ ሄድኩ። ዱላቸው ከነዶማ እጀታው 128 ሴንቲ ሜትር ሆነ። «ስንት ነው የሚፈቀደው?» አሉኝ። ለፑተር ገደብ እንደሌለው ነገርኳቸው። «ታዲያ ያ ልጅ ምን ከለከለኝ?» አሉ። ደረታቸውን ጠቆምኳቸው። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ጣል አድርገው፣ እጃቸውን ትንሽ ወደፊት አራቁና ሌላ ኳስ እንዳቀብላቸው ጠየቁኝ።